ለስድስት ሰው የሚከፈት ጠርሙስ

ፊታችሁ ላይ የማይሽር ቁስል ወጥቶባችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው "ይሄ እንዲህ የሚባል ነገር ነው" ሲላችሁ ስሙት። ነጭ ጋውን ባይለብስም ስሙት። እኔ አልሰማሁም። ሚስቴ በመጀመሪያው ቀን የነገረችኝን ነገር ከሐኪም አፍ እስክሰማው ስምንት ወር ፈጀብኝ። ያንን ስምንት ወር ሳስታውስ የምንቀው ሰው ብዙ ነው፤ ከሁሉም ፊት የተሰለፍኩት ግን እኔው ነኝ።

ደምሴ እባላለሁ። ትውልዴ ደብረ ማርቆስ ነው። አርባ ምንጭ የመጣሁት በሃያዎቹ ዕድሜዬ ተመድቤ ሲሆን፣ እዚሁ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና በጀት ባለሙያ ሆኜ ጡረታ ወጥቻለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም የሚያፍር ሰው እዚያ የለም። ባለቤቴ አየለች የኦቾሎ ልጅ ናት። ኦቾሎ ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ የሸማኔና የገበሬ መንደር ነው።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤታችን ጣሪያው ሲቀየር፣ ሁለት ወር ኦቾሎ በታላቅ ወንድሟ በጋሽ ቶማ ቤት ተቀመጥን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቤቱ ጀርባ ያለው አለት ላይ በርጩማ አወጣና ሐይቁን አያለሁ። ሽኮኮዎቹ ደግሞ ከድንጋዩ ስንጥቅ ብቅ ብለው እኔን ያያሉ። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ወደ ከተማ ከተመለስን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ፣ በስተቀኝ፣ ትንሽ ብጉር ወጣች። አታምም፣ አታሳክክም።

አየለች አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝና አየቻት።

"ቦልቦ ነው" አለች።

"ምንድን ነው ደግሞ ቦልቦ?"

"እኛ አገር በልጅነቱ ያልወጣበት የለም። ቆይቶ ይሽራል። አንተ ግን ትልቅ ሰው ነህ፣ ቦታውም አፍንጫ ነው። ሆስፒታል ሂድና ቦልቦ ነው በላቸው።"

"በስድሳ ዓመቴ የልጅ በሽታ?" ብዬ ሳቅኩባት። እሷ ግን አልሳቀችም።

የመንግሥት ሆስፒታል አልሄድኩም። ባዶነቱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደማውቀው ወደ ኋላ እናገራለሁ። ወደ ግል ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ወጣት አፍንጫዬን ሳያይ ደሜን አየና "ታይፎይድና ታይፈስ አለብዎት" አለኝ። በዚህ ከተማ ታይፎይድና ታይፈስ ሳይገኝበት ከክሊኒክ የወጣ ሰው ገና አላየሁም፤ እግሩ የተሰበረውም ቢሆን መጀመሪያ እነሱን ነው ይዞ የሚወጣው። ኪኒኑን አሥር ቀን ዋጥኩ። ሆዴን አመመኝ፤ ብጉሯ እንዳለች ነበረች።

ሁለተኛው ክሊኒክ "የቆዳ አለርጂ ነው" ብሎ ቅባት ሰጠኝ። በቅባቱ ብጉሯ ወዟ አምሮ፣ ደልቷት፣ የባቄላ ፍሬ አከለች። ሦስተኛው ዘንድ ስደርስ ቆስላ ቅርፊት ይዛ ነበር። "ማነው እንዲህ ያለ ቅባት ያዘዘልዎት?" ብሎ የሥራ ባልደረባውን በሌለበት ሰደበው፤ ከዚያም ያንኑ ቅባት በሌላ ስም ጻፈልኝ። አራተኛው ስልኩን እየነካካ "ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ብቅ ቢሉ" አለኝ። አንድን ሰው ካንሰር አለብህ እያሉ ስልክ መነካካት የሚያስተምር ትምህርት ቤት የት እንዳለ አላውቅም፤ እሱ ግን በማዕረግ የተመረቀ ይመስላል።

በየጊዜው ወደ ቤት ስመለስ አየለች የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። "ቦልቦ ነው አልካቸው?"

አላልኳቸውም። እውነቱን ልናገር፤ አፈርኩ። ዲግሪ ላለው ሰው የገደል አፋፍ መንደር ቃል ይዤ መቅረብ ዝቅ ያለ ነገር መሰለኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከጋሞ ሰው ጋር ኖሬ፣ ከጋሞ ልጅ ወልጄ፣ የአገሩ ሰው ስለ አገሩ በሽታ የሚያውቀውን ነገር እንደ ዕውቀት አልቆጠርኩትም። እንደ እኔ ያለ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የቢሮ ሰው ሁሉ ይህን ሞኝነት ያውቀዋል፤ አላውቀውም የሚል ካለ ይዋሻል።

ቁስሉ ሰፋ። የአፍንጫዬ ቀኝ ጎን አብጦ ቀላ፤ ቅርፊቱ ሲነሳ ከሥሩ እርጥብ ነገር ይታያል። ፀጉሬን ለመስተካከል ስቀመጥ ከመስታወቱ ውስጥ የሚያየኝ ሰው እኔ አልነበርኩም። ልጃችን ከሐዋሳ በቪዲዮ ስትደውል "አባዬ፣ ካሜራውን እስቲ ወደ እማዬ አድርገው" አለችኝ።  እሷ ላይ አልፈርድም። የምፈርደው ከሰዓት በኋላ አብረን ሻይ የምንጠጣው ጡረተኞች ላይ ነው። ሦስቱ የድሮ አለቆች ናቸው። አንድ ቀን ስደርስ ጠረጴዛ ቀይረው ነበር፤ ለሦስት ሰው ብቻ ወንበር ያለው ጠረጴዛ። አንደኛው፣ ለሃያ ዓመት ስለ አካታችነት ሲያስተምር የኖረው፣ "ደምሴ፣ የልጅ ልጆች አሉኝ እኮ" አለኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ።

በዚያ ወቅት ፈራሁ። ሞትን ብቻ አልነበረም የፈራሁት። ሰው ፊቱን አይቶ ከሩቅ መንገድ የሚቀይርበት ሰው ሆኖ መቅረትን ፈራሁ። የአፍንጫዬን ነገር ሳስብ ምግብ አልወርድ አለኝ። አየለች ሳህኑን እያነሳች "ነገ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ አንተም ትመጣለህ" አለች። የተናገረችው እንደ ሚስት ሳይሆን እንደ እናት ነበር።

ሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ "ታካሚ ንጉሥ ነው" የሚል ተለጥፏል። ከሥሩ ንጉሡ የሚቀመጥበት፣ አንድ እግሩ የወለቀ አግዳሚ ወንበር አለ፤ በወለቀው ፈንታ ብሎኬት ደግፈውታል። ካርድ ከሚወጣባቸው ሁለት መስኮቶች አንዱ ተዘግቷል፤ እዚያ ትሠራ የነበረችው ልጅ ኮንትራቷ አልታደሰም። የካርድ ወረቀት አልቋልና ስሜን የጻፉት የአሮጌ ስብሰባ አጀንዳ ጀርባ ላይ ነው። የጤና መድን ደብተራችንን ስናሳይ ማህተሙን አዩ፣ መረመሩ፣ አመሰገኑ፣ ከዚያም "ጓንት ከውጭ ገዝታችሁ ኑ" አሉን። መድን ማለት ይህ ከሆነ፣ ዝናብ ለሚመታው ሰው የዣንጥላን ስም ብቻ መስጠት ነው።

ሰልፉ ላይ ከጎኔ የተቀመጠች ከጨንቻ የመጣች እናት ነበረች። ሌላው ሰው ከእኔ አንድ ክንድ ሲርቅ እሷ ግን ከቦርሳዋ አፕል አውጥታ በቢላዋ ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ሰጠችኝ። ፊቴን አየች፣ ከንፈሯን አልመጠጠችም። ያን ቀን ከተደረገልኝ ሁሉ እሱ ይበልጣል።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ ዕጦት ቀልቷል። አፍንጫዬን ብርሃን ወዳለበት አዙሮ፣ ልክ አየለች እንዳደረገችው አድርጎ፣ አየኝ።

"ባለፈው ዓመት የት ነበሩ?"

"ኦቾሎ፣ ሁለት ወር።"

"እዚያ ያሉ ሰዎች ምን አሉዎት?"

ወደ አየለች ዞር አልኩ። ጣሪያውን ታያለች።

"ቦልቦ ነው አሉኝ።"

"ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ የት ነበሩ?"

መልሴን ሳይጠብቅ በሽታው በአማርኛ ቁንጭር እንደሚባል ነገረኝ፤ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከትንኝ ያነሰች ነፍሳት ከሽኮኮ ወስዳ ወደ ሰው የምታስገባው ተውሳክ ነው። በመጨባበጥ፣ በሻይ ብርጭቆ አይተላለፍም። ለማረጋገጥ ከቁስሉ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየት ነበረበት፤ ላቦራቶሪው ግን ማቅለሚያው ካለቀ ሰንብቷል። የላቦራቶሪው ሰውዬ "ቁጭ በሉ" አለንና ከሌላ ምርመራ የተረፈች ጠብታ ፈልጎ ሲሠራ ምሳ ሰዓቱ አለፈ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

"አለ" ብሎ ወጣ። በሕይወቴ በበሽታ ስም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ካንሰር አልነበረም።

ሐኪሙ ግን "አይዘግዩ፤ ወደ ውስጥ ከገባ የአፍንጫዎን ግድግዳ ይበላዋል፤ የተበላውን ደግሞ አንመልሰውም" አለኝ። መድኃኒቱ በየሳምንቱ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ መርፌ ነው፤ ለአራት ሳምንት። ጽፎልኝ መርፌ ክፍል ሲስተር መሠረት ዘንድ ላከኝ።

ሲስተር መሠረት ወረቀቱን አነበበች። ቁምሳጥኑን ከፍታ ጠርሙሱን አሳየችኝ፤ የለም እንዳልላት ያህል። ከዚያ መልሳ ዘጋችው።

"መድኃኒቱ አለ ጋሼ። ግን ለአንድ ሰው አልከፍተውም።"

"ለምን?"

"ጠርሙሱ ትልቅ ነው። አንዴ ከተከፈተ ብዙ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ስድስት ታካሚ ካልሞላ እንዳይከፈት መመሪያ አለ። አሁን ያላችሁት እርስዎና አንድ ተማሪ ናችሁ፤ እሱም ስልኩ ከተዘጋ ወር ሆኖታል።"

"ታዲያ እስኪሞላ ልጠብቅ?"

"ሰው የሚያውቁ ከሆነ ይዘው ይምጡ።"

"ሰው ላምጣ? እኔ የሚኒባስ ረዳት ነኝ እንዴ ሲስተር?"

አልተቆጣችም። ቁምሳጥኑ በር ላይ በፕላስተር የተለጠፈውን ደብዳቤ በጣቷ አሳየችኝ። ጠጋ ብዬ አነበብኩት። "የግብዓት ብክነትን ለመቀነስ ሲባል ባለ ብዙ መጠን ጠርሙሶች ቢያንስ ስድስት ተጠቃሚ ሳይሟላ እንዳይከፈቱ..." ይላል። ዓረፍተ ነገሩን አወቅኩት። የራስን ድምፅ በሌላ ሰው ስልክ እንደመስማት ነበር።

እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ፣ ዶላር ሲጠፋ፣ ይረዱን የነበሩ የውጭ ሰዎች እጃቸውን ሲሰበስቡ "ወጪ ቀንሱ" የሚል ደብዳቤ ከላይ ወረደ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻው ትልቅ ሥራዬ እሱ ነበር። መቀዛቀዙ ሁሉንም እኩል ይነካል የሚላችሁ ካለ አትመኑት፤ እኔ በጀቱ የተቆረጠበት ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። የቆጣቢነት ባህልን ለማዳበር በሐይቅ ዳር ሆቴል የተያዘው የሦስት ቀን ሥልጠና፣ ከነአበሉና ከነምሳው፣ ሳይነካ አለፈ። ከጤናው ዘርፍ የመጣው ሰው የበጀት ዝርዝሩን ይዞ ቆሞ ላቡን ይጠርግ ነበር። "ትኩረት የሚሹ የሐሩር በሽታዎች" የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ጠየቅኩት።

"ይሄ ይገድላል?"

"አይገድልም። ፊት ያበላሻል።"

"እንግዲያ ይቆይ" አልኩና እስክሪብቶዬን አሳለፍኩበት። ትኩረት የሚሹ ተብለው እስከ ዛሬ ይሹታል። ሰውዬው ለቀረችው ጥቂት መድኃኒት ሲለምን "ጠርሙሱ ተከፍቶ ግማሹ እየተደፋ ነው" አለ። "ሰው ሳይሞላ አይከፈታ!" አልኩ። ሰብሳቢው ወደደው። "ስንት ይሁን?" ሲል "ስድስት" አልኩ። ስድስትን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ስድስት ሰዎች ሳንሆን አንቀርም።

ይህን ለሲስተር መሠረት አልነገርኳትም። ለአየለች ግን መንገድ ላይ ነገርኳት። "ስድስት ስትል የማንን ፊት አይተህ ነው?" አለችኝ። የማንንም አላየሁም ነበር።

ሰው ፍለጋ ኦቾሎ ወጣን። ጋሽ ቶማን እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ ከቶ መወርወሪያውን ግራ ቀኝ እየሰደደ አገኘነው። ቀኝ ጉንጩ ላይ አውራ ጣት የተጫነው የሚመስል ጎድጓዳ ጠባሳ አለው፤ ሠላሳ ዓመት ሳየው ምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። አፍንጫዬን አየና መወርወሪያውን አስቀመጠ።

"ሚስትህ ነግሮህ የለ?" አለኝ። አማርኛ ሲናገር ወንዱንም ሴቱንም አንድ ላይ ያስኬደዋል። ድሮ እስቅበት ነበር፤ ከጋሞኛ ሰላምታውን ብቻ ይዤ የማረጅ እኔ።

"ነግራኛለች ጋሽ ቶማ። አልሰማሁም።"

ሳቀብኝ። ተገቢ ነበር። የመጣንበትን ስንነግረው ግን ሳቁ ቆመ። መንደሩ ውስጥ በጊዜው ያልሻረላቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ይመጣሉ ወይ ነው ነገሩ። ከዓመታት በፊት መኪና መጥቶ ነበር አለኝ። ፊታቸውን ፎቶ አነሱ፣ ስም ጻፉ፣ "መድኃኒት ይዘን እንመለሳለን" አሉ፤ ያ መኪና እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

ያልሻረላት ብሎ መጀመሪያ የወሰደን ታደለች የምትባል ወጣት ቤት ነው። የላይኛው ከንፈሯ አብጦ አፏን አጣሟል። ሳያት ደነገጥኩ፤ አውቃታለሁ። ልጅ ሳለች፣ ቁስሏ ገና ትንሽ ሳለ የተነሳችው ፎቶ የዓመታዊ ሪፖርታችን ሽፋን ነበር። ከአምስት ፎቶዎች እሷን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኗ ያምር ስለነበር።

እናቷ "ፎቶው የት ደረሰ?" ብላ በጋሞኛ ጠየቀች፤ አየለች ተረጎመችልኝ። ጥያቄው ለእኔ እንደሆነ እንኳ አታውቅም።

"መደርደሪያ ላይ ነው" አልኩ። አየለች ይህን አልተረጎመችውም። የራሷን ነገር ተናገረች፤ ረጅም ንግግር፣ መሀል ላይ እኔን እየጠቆመች። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እናትየዋ አፍንጫዬን ትኩር ብላ አይታ "እሺ" አለች።

በሦስት ቀን ታደለችን፣ ጆሮው ላይ የቆሰለ ገበሬና ሁለት እህትማማቾች አገኘን። ከእኔ ጋር አምስት። ስድስተኛ ጠፋ። አንደኛው "ይሽራል" ይላል፣ ሌላው "ሥራ አለኝ"። ልክ ናቸው፤ ለአራት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ገደሉን ወርዶ መውጣት ቀላል አይደለም። ጋሽ ቶማ ቤት ተሰብስበን ተቀምጠን ሳለ ፈትል እያጠነጠነ፣ ቀና ሳይል "እኔን ቁጠሩኝ" አለ።

"አንተማ ድነሃል ጋሽ ቶማ። ልጅ ሳለህ የሻረ ነው።"

"ጠርሙሱ ያንን ያውቃል?"

"መዝገብ ላይ ሐሰት ይሆናል" አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ዕድሜዬን በሙሉ ከየወረዳው የሚመጣ የተነፋ ቁጥር እየሰረዝኩ ነው የኖርኩት፤ የሐሰት ሪፖርት የሚጽፍን ሰው እንደ ሌባ ነው የምንቀው። ጋሽ ቶማ ፈትሉን አስቀምጦ አየኝ።

"የአንተ እውነት ይህቺን ልጅ ከንፈሯን ይመልሳል?" አለና በአገጩ ወደ ታደለች አሳየኝ። ስለ እኔ አፍንጫ ምንም አላለም። እኔ ግን ስለ ራሴ አፍንጫ ነበር እስከዚያች ደቂቃ የማስበው። ስድስተኛ አድርጌ ቆጠርኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ስድስት ሆነን መርፌ ክፍል ገባን። ሲስተር መሠረት በተራ አየችን፣ ጻፈች። ጋሽ ቶማ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ጠባሳው ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ዓይን ላለው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ወደ እኔ አየች፣ ወደ ታደለች አየች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ?"

"ቆየ" አለ ጋሽ ቶማ።

ጻፈች። ቁምሳጥኑን ከፈተች። የጠርሙሱ ክዳን ሲነሳ ጠሽ አለች፤ ለዚያች ድምፅ ነበር ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት።

መርፌው ያማል፤ አልዋሻችሁም። አፍንጫ ላይ ሲገባ እንባ ያለፈቃድ ይወርዳል፣ ጥርስ ድረስ ይሰማል። ታደለች ከእኔ በፊት ተወግታ ድምፅ አላሰማችም፤ ስለዚህ እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ጋሽ ቶማ ስሙ ሲጠራ ገባ፣ ወዲያው ወጣ።

"ምን አደረጉህ?"

"ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት።"

ይህን አራት ማክሰኞ አደረገ። አንድ ሰው ከቀረ መዝገቡ ጎደለ ተብሎ ቀጣዩ እንዳይከለከል፣ ሽመናውን ትቶ፣ ገደሉን ወርዶ፣ ብሎኬት በተደገፈው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። ስሙን ተናግሮ ተመልሶ ይወጣል። ለበሽታ ሳይሆን ለመመሪያ የሚታከም ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው። መመሪያው የማን እንደሆነ በሦስተኛው ማክሰኞ ነገርኩት። "ታዲያ ለምን ሁለት አላልክም?" አለኝ። 

ቁስሉ በሦስተኛው ሳምንት መድረቅ ጀመረ። እብጠቱ እየጎደለ፣ ቅርፊቱ እየተነሳ፣ ከሥሩ አዲስ ሮዝ ቆዳ መጣ። ዛሬ የአፍንጫዬ ቀኝ ጎን ትንሽ ጎድጉዷል፤ አፍንጫዬ ግን ቦታው ላይ ነው። የታደለች ከንፈር ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ስትስቅ አሁንም በእጇ ትሸፍነዋለች፣ ልማድ ሆኖባት። ልጄ ስትደውል ካሜራው ወደ እኔ እንዲዞር ትጠይቃለች። የሻይ ጓደኞቼም ባለአራት ወንበር ጠረጴዛ ላይ ተመልሰዋል። "ና እንጂ ደምሴ!" ይሉኛል። አልሄድም። እነሱን መናቅ ጤና ሰጥቶኛል፤ ለጊዜው አልተወውም።

የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሰሞኑን ሪፖርት አወጣ። "ባለው ውስን በጀት፣ በተጠናከረ የማኅበረሰብ ንቅናቄ ስድስት ታካሚዎች ታክመው ስድስቱም ሙሉ በሙሉ ድነዋል" ይላል። ጋሽ ቶማም ዳነ ማለት ነው። ሽፋኑ ላይ አዲስ ፎቶ አለ።

ለመጨረሻ ምርመራ የሄድኩ ዕለት መርፌ ክፍሉ በር ላይ ሻሽ ፊቷ ላይ የጣለች ሴት ቆማ ነበር። ከገረሴ ነው የመጣችው። ሲስተር መሠረት ያንኑ ታስረዳታለች፤ መድኃኒቱ አለ፣ ሰው ግን አምስት ነው የሞላው፣ ስድስተኛ እስኪገኝ። ሴትየዋ ሻሿን ገለጥ አደረገች። ዓይኗ ሥር ነው፤ ትልቅ ነው። ሌሎቹ አራቱ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ከጓንታቸው ጋር ይጠብቃሉ። እኔ በእጄ የያዝኩት "ድኗል" የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀት ነው። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

"ሲስተር፣ ስድስተኛው እኔ ነኝ።"

የዳነ አፍንጫዬን አየችው። ራሷ የወጋችው አፍንጫ ነው። ቁምሳጥኑ በር ላይ የተለጠፈውን ደብዳቤ አየች፣ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች፣ እስክሪብቶ አነሳች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?"

"ቆየ" አልኳት።